ባህር ዛፌን የበላው ግንብ

የጓሮዬን ግንብ ያየ ሰው ሁሉ «ሌባ አስቸግሮህ ነው?» ይለኛል። ከእኔ ቤት ሌባ ምን ይወስዳል? እኔ የፈራሁት ድምፅ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ድምፅ ፈርቶ ግንብ ያቆመ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ካለም አፍሮ ዝም ብሏል። «ስንት ፈጀብህ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ዋጋውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የተጣመመ ነገር ካያችሁ አቃንታችሁ አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ልብ ነው። ካቻምና እግሯ እያበጠ፣ ከጓዳ እስከ በረንዳ ለመምጣት እንኳ ትንፋሽ እያጠራት ሲሄድ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ልብሽ ደክሟል አሏት። መድኃኒቱን የሰጠችን ነርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ፣ መድኃኒቷን አንድ ቀን እንዳትዘል። ከባድ ዕቃ አታንሣ። ደግሞ ድንጋጤ አይስማማትም፣ እንዳትደነግጥ ይጠብቋት» አለችኝ። ሌላውን ባለቤቴ ራሷ ታስታውሰዋለች ብዬ ተውኩት። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጣች። ድንጋጤን እንዴት አድርጌ ከግቢዬ ላስወጣው? ቅጠል አይደለ አልጠርገው፣ ውሻ አይደለ በድንጋይ አላባርረው።

ከጓሮአችን ኋላ ያለው ቦታ ድሮ ባዶ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ በያጅ ተከራይቶት የበርና የመስኮት መሥሪያ ከፈተ። አርባን ያለፈ፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። አባቱ ከጉራጌ የመጣ ባለ ሱቅ ነበር፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ሀዲይኛን ከእኔ ልጆች አሳምሮ ይናገራል። በእሱና በእኛ መካከል የቁጥቋጦ አጥር ነበረ። ከአጥሩ በእኛ በኩል የባለቤቴ እንሰት አራት ረድፍ ቆሟል። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ መሹለኪያ ነበረው። የእኛ አገር አጥር መሹለኪያ አያጣም፤ ሰው እሳት ሲጠፋበት፣ ጥጃ ሲያመልጠው፣ ቤቱ ሕመም ሲገባ በዋናው በር ዞሮ ጎረቤቱ ዘንድ አይሄድም።

በያጁ ብረት የሚቆርጥበት ግራይንደር አለው። ብረት ሲነካ ይጮሃል አሉ። አሉ የምለው እኔ የምሰማው እንደ ንብ ስለሆነ ነው። ጊምቢቹ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ሞተረኛ ነበርኩ፤ ጆሮዬ እዚያው ቀርቷል። ያኔ ግን ይህንን ለማንም አላምንም ነበር። «እናንተ ናችሁ የምታንሾካሽኩት፣ የእኔ ጆሮ ደህና ነው» ነበር መልሴ። በያጁ በመሹለኪያው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብሎ፣ «አባባ፣ እማማ ከጓሮ እየጠሩዎት ነው» ብሎኛል። «ሰምቻለሁ» አልኩት። አልሰማሁም ነበር። ጆሮውን አቁሞ የሰው ቤት የሚያዳምጥ ሰው ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት።

እና ግራይንደሩን ያወቅሁት በባለቤቴ ትከሻ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ ትከሻዋ ድንገት ይዘላል። ቢላዋው ከእጇ ይወድቃል። እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ትንሽ ቆይታ ትተነፍሳለች። እሷ እስክትተነፍስ እኔም አልተነፍስም። «አሁን ነው፣ አሁን ሄደች» እላለሁ በልቤ። ቢላዋውን አንሥታ ጎመኗን ትቀጥላለች። ብረት በተቆረጠ ቁጥር እንዲህ ነው። ስንት በር፣ ስንት መስኮት ከዚያ ቤት እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ድምፁ አይደለም እኮ» አለችኝ አንድ ቀን። «ድንገት መምጣቱ ነው። አስቀድሞ ቢያሳውቀኝ ልቤን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ሂድና ንገረው፤ ከመጀመሩ በፊት ብረት ኳ ኳ ያድርግልኝ።»

«እኔ? እሱን ልለምን?»

«አፍ የለህም?»

«አፍማ አለኝ።»

«ፈጣሪ ለምሳ ብቻ ነው እንዴ የሰጠህ?»

አልሄድኩም። ያልሄድኩበት ምክንያት ነበረኝ፤ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። ጊምቢቹ ሳለሁ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት አራስ ነበረች። እናቷ መጡና፣ «ልጄ፣ የሞተርህን ጭስ ማውጫ ወደ መንገዱ አዙርልን፤ ሕፃኑ እየባነነ ጡት አልይዝ አለ» አሉኝ። ወፍጮ ቤቱ ገበያ ቀን ስለነበረ በሰው ሞልቶ ነበር። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኼ፣ «እንግዲያው ሕፃኑ ዱቄት አይብላ በሉታ» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቱቦውን አላዞርኩትም። ሕፃኑ ይደግ አይደግ አልጠየቅሁም። አሁን እኔ በተራዬ የሰው ሥራ ቤት ደጃፍ ቆሜ «ሚስቴ እየባነነች ነው» ልል ነው። ደንበኞቹ ፊት እሱም እንደዚያ ቢለኝስ? ፈራሁ። በዚህ ዕድሜ መሳቂያ መሆንን ፈራሁና ግንብ ይሻለኛል አልኩ።

መጀመሪያ በርካሽ ልገላገለው ፈለግሁ። አሮጌ ቆርቆሮ ሰብስቤ በአጥሩ ላይ እንጨት አቁሜ መታሁበት። በማግስቱ በያጁ ሥራ ሲጀምር ባለቤቴ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሄጄ እጄን ቆርቆሮው ላይ ባሳርፍ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው?» አለችኝ። «አንድ በያጅ ነበረን፤ ሁለት አደረግህልን።»

ያን ቀን ነቀልኩት።

ከዚያ ግንበኛ አስጠራሁ። ለአንድ ሆቴል የጄኔሬተር ቤት የሠራ ነው፣ ድምፅ ማፈን ያውቅበታል አሉኝ። የመለኪያ ገመዱን፣ ስፓጎውን፣ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ፣ ቁጥቋጦውን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አየና፣ «ጋሼ፣ ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል» አለኝ። «ከሥር የድንጋይ መሠረት። ላዩ ድርብ ብሎኬት፣ መሀሉ ሰጋቱራ የታጨቀበት። ቁመቱ ሦስት ሜትር። ፌሮ በየማዕዘኑ። በሁለት በኩል ልስን።»

«ዋጋው?»

ነገረኝ። ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ጆሮዬን እውነትም የጠረጠርኩት ያን ዕለት ነው።

«በዚህ ገንዘብ እኮ ቤት ይሠራል» አልኩት።

«ቤት አይደለማ የጠየቁኝ ጋሼ። ጸጥታ ነው የጠየቁኝ። እሱ ይወደዳል።» ስፓጎውን መጠቅለል ጀመረ። «ደግሞ ይህ የዛሬው የሲሚንቶ ዋጋ ነው። የነገውን እኔም አላውቀው።»

ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ፣ ከአባቴ በወረስኩት መሬት ላይ ባህር ዛፍ ነበረኝ። እኛ ዘንድ ባህር ዛፍ የክፉ ቀን ነው፤ ሰው ዛፉን እያየ ነው የሚተኛው። ያን ባህር ዛፍ የያዝኩት ለእሷ ልብ ነበር። ሐኪሙ «ከባሰባት አዲስ አበባ ልትታይ ትችላለች» ብሎ ነበርና፣ የዚያን ቀን እሸጠዋለሁ ብዬ ነው። አሁን ለግንቡ ሸጥኩት። ግንቡ ካለ አይብስባትም አልኩ። ገዢው ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ሲያስቆርጥ ቆሜ አየሁ። ዛፍ ሲወድቅ እኔ በእግሬ ነው የምሰማው፤ መሬቱ ዱብ ሲል እስከ ጉልበቴ ይመጣል። ሲጨርሱ ከወዲያ ማዶ ያለው ኮረብታ ታየ፤ ከዚህ ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ «ቢብስባትስ?» የሚል ነገር መጣብኝ። ገንዘቡን በኪሴ ይዤ ነበር። ልመልስ ብል ዛፍ አይቆምም። እየፈራሁ ወደ ቤት ሄድኩ።

በዚህ አላበቃም። ግንበኛው መሠረቱ እንዲቆፈር ሁለት ረድፍ እንሰት ይነሣ አለ። እንሰት የሴት ነው። ወንድ ባህር ዛፉን ይሸጣል፤ እንሰቱን ግን ሚስቱን ሳያስፈቅድ አይነካም። ባለቤቴን ጠራኋት። በዝግታ መጥታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ግንዱን በመዳፏ ነካካች።

«ይሄኛው ለመስቀል ነበር» አለች። «እነዚህ ግን አልደረሱም። ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለህ የእኔን ትቆርጣለህ?»

ተቆረጡ። ትንንሾቹን ችግኞች ግን አላስቆረጠችም። አስነቅላ ከመሠረቱ አጠገብ በአዲስ መልክ አስተከለቻቸው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄዳ ሳታያቸው አትውልም።

ግንበኛው መሹለኪያው ጋ ሲደርስ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ በር ልተው ጋሼ?» አለኝ።

«ቀዳዳ ካገኘ ይገባል አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ዝጋው።»

ግንቡ አለቀ። በማግስቱ ባለቤቴን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ከግንቡ ማዶ የብረት ፍንጣሪ ሲበር ጫፉ ይታያል፤ ትከሻዋ ግን አልተነቃነቀም።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ዝም አለ።» ትንሽ አሰበችና፣ «ሁሉም ዝም አለ» አለች።

እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ደስ አለኝ። የሚመጣውን ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ወስጄ ግንቡን በመዳፌ መታ መታ እያደረግሁ አሳይ ነበር። ግን እንዳሰብኩት አልቀለለኝም። ድሮ ትከሻዋ ሲዘል ነበር የምፈራው፤ አሁን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳትነቃነቅ ስትቀር እየተነፈሰች መሆኗን ለማየት ጠጋ እላለሁ።

«ምን ትፈልጋለህ?» ትለኛለች።

«ምንም።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጠዋት ቁርስ በልተን እኔ ከፊት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመቆፈሪያ እጀታ እጠርብ ነበር። ፀሐይ ነበረች። ልብስ አጥባ ሽቦ ላይ አስጥታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ለእኔ ሁልጊዜም ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ያን ቀን ጸጥታው የእኔ ሥራ መስሎኝ ነበር። እንጨቱን እየጠረብኩ፣ «ገንዘቤ በከንቱ አልሄደም» እያልኩ ነበር። ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

እኩለ ቀን ሲሆን ደመናው መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እጀታው ላይ አረፉ። ልብሱን አየሁት። ባለቤቴ ዝናብ ሳይጀምር ልብስ የምታስገባ ሴት ናት፤ ታማ እንኳ ዝናብ ቀድሟት አያውቅም። ልብሱ መርጠብ ጀመረ። አልወጣችም። «እንቅልፍ ወስዷታል» አልኩ። መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። ጓዳ የለችም። መኝታ ቤት የለችም። ማድ ቤት ምድጃው ቀዝቅዟል። ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

በእንሰቱና በግንቡ መካከል ወድቃ አገኘኋት። ችግኞቿን ልታይ ሄዳ፣ ግንበኛው በተወው የተሰበረ ብሎኬት ተሰናክላ። አንድ እጇ ከሥሯ ታጥፏል። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኗ ክፍት ነው። ሞታለች አልኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ተንበርክኬ ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግሁት። ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ይሁን ድምፅዋ አላውቅም። ፊቷን አየሁ። ቃሉን ከከንፈሯ ለቀምኩት።

«ጠራሁህ» ነበር የምትለው። «ጠራሁህ። በኋላ እሱንም ጠራሁት።» በአገጯ ግንቡን አሳየችኝ።

ላነሣት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጋቢዬን አለበስኳትና ወጣሁ። በፊት ለፊት በኩል ያሉት ጎረቤቶች ገበያ ሄደዋል። በመንገዱ ዞርኩ፤ እስከ መሥሪያው ድረስ ረጅም ነው፣ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። መሥሪያው ውስጥ ሰዎች ነበሩ፣ እሱ ግራይንደሩን ይዞ ጎንበስ ብሏል። ከዚህ በፊት እግሬ እዚያ ገብቶ አያውቅም። ሳቁብኝ አልሳቁብኝ ትዝ አላለኝም። ትከሻውን ያዝኩት።

«ሚስቴ ወድቃለች» አልኩት። «ጓሮ።»

ግራይንደሩን ጣለው። በበሩ አልወጣም፤ በልማዱ ወደ መሥሪያው ጀርባ ሮጠ፣ ወደ መሹለኪያው። ተከተልኩት። ግንቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለት እጁን ልስኑ ላይ አደረገ። ወዲያ ማዶ፣ ምናልባት ሦስት እርምጃ ላይ፣ እሷ ተኝታለች። ወደ እኔ አልዞረም። ተመልሶ በመንገዱ ዞረ። እኔ ስደርስ አቅፏት እየወጣ ነበር።

ባጃጅ አገኘን። ክንዷ ተሰብሯል፤ ጄሶ አደረጉላት። ሐኪሞቹን ያሳሰባቸው ግን እሱ አልነበረም። ዝናቡ መትቷታል፣ ልቧ አመታቱ ተዛብቷል፤ ብዙ ቀን ተኛች። እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አይ ነበር። ሐኪሙ፣ «አዲስ አበባ ብትታይ ጥሩ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ባህር ዛፉ ግን ግንብ ሆኖ ቆሟል። ልጆቻችን እያዋጡ ነው፤ አልሞላም። ጉቶዎቹ አቆጥቁጠዋል፣ ቁመታቸው ከወገቤ አይበልጥም። አየኋቸውና አንድ ነገር ፈራሁ፤ ምን እንደሆነ አልጽፈውም።

ባለቤቴ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ወደ በያጁ ሄድኩ።

«በር ትሠራልኛለህ» አልኩት።

«የት የሚገባ አባባ?»

«ግንቡ ላይ።»

ጓንቱን አወለቀ። «ሲገነቡት ሰላምታ ከለከሉኝ። ሲያፈርሱት ደግሞ ምን ሊከለክሉኝ ነው?»

«የምከለክልህ የለም። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ግራይንደሩን ከማስነሣትህ በፊት ብረት ምታላት። ሦስት ጊዜ። ልቧን ይዛ እንድትጠብቅ ነው።»

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ።»

«ታዲያ ይህንን ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?»

እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ደንቆሮነቴ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለበሩ ዋጋ ጠራልኝ፤ አልተከራከርኩም።

ግንቡን የቆረጠው በእኛ በኩል ሆኖ ነው። ባለቤቴ ጄሶዋን ታቅፋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቁራጭ ቱቦ አንሥቶ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታና ቀና ብሎ አያት። ደህናውን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ራሷን ነቀነቀችለት። ከዚያ ጀመረ። ትከሻዋን አየሁ፤ አልዘለለም። ብሎኬቱ ሲከፈት ሰጋቱራው ከመሀል እየፈሰሰ ወጣ፣ ልክ ዱቄት ከወፍጮ አፍ እንደሚወርድ። እግሬ ሥር ተከመረ። እኚያ የጊምቢቹ ሴትዮ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ታዩኝ።

በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው የሚውለው። ድምፁም ይገባል። ቱቦው ሲመታ እኔ አልሰማውም፤ ስለዚህ ከእሷ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። እጇ ወደ ደረቷ ሲሄድ ሥራ ሊጀመር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም እንዳለች አውቃለሁ። እንግዲህ ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፣ ይኸው ነው።

እሁድ ግን በያጁ አይሠራም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በረንዳ ላይ ስንቀመጥ እጇ ጭኗ ላይ እንደተኛ ይውላል። ዓይኗን ትጨፍናለች። እጠብቃለሁ፣ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ። ወንበሬን ትንሽ አስጠጋለሁ፣ ደግሞ ትንሽ።

«ምን ትፈልጋለህ?» ትለኛለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምንም።»

ያን ጊዜ ማንም ምንም ሳይመታ እጇን አንሥታ ደረቷ ላይ ታደርግልኛለች።